ከፊት እንጨቱ ሥር፦ አሮጌ አውቶ 5 ጠመንጃ ከመግዛታችን በፊት

በአሜሪካ ለአደን የምትወጡ ወገኖቼ፣

ብራውኒንግ አውቶ 5 የተባለውን አሮጌ የአደን ጠመንጃ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የብረት ገላው ከኋላ በኩል ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ አዳኞች «ጎባጣው» ይሉታል። «ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» እያላችሁ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። መልሴ አንድ ነው፤ ዕድሜውን ተዉትና የፊት እንጨቱን አውልቃችሁ ሥሩን እዩ።

የሠራው የዩታው ሰው ጆን ብራውኒንግ ነው። መጀመሪያ ለዊንቸስተር ኩባንያ አቀረበው፤ ከሚሸጠው ሁሉ ድርሻ ይታሰብልኝ ቢል አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በጥር 1902 ወደ ሬሚንግተን ሄዶ ፕሬዚዳንቱን ማርሴለስ ሃርትሊን ለማነጋገር ሲጠብቅ፣ ሰውዬው በድንገት መሞታቸውን ሰማ። ከዚያ ባሕር ተሻግሮ ቤልጅየም ለሚገኘው ኤፍ ኤን ፋብሪካ ሰጠው። ምርቱ በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ ጃፓን ተዛውሮ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ስለዘለቀ፣ ገበያ ላይ የምታገኙት ጎባጣ የአያት እኩያም የልጅ እኩያም ሊሆን ይችላል።

አሠራሩን ማወቅ ግድ ነው፤ ጉዳቱ የሚገባን በእርሱ ነውና። ጥይቱ ሲተኮስ አፈሙዙ ራሱ፣ ከመዝጊያው ጋር እንደተያያዘ፣ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ከዚያ አፈሙዙ ቀድሞ ይመለሳል፤ ቀልሃው ይወጣል፤ መዝጊያው አዲስ ጥይት ይዞ ይከተላል። ይህን ሁሉ ግፊት የሚያበርደው በፊት እንጨቱ ውስጥ፣ በጥይት ካዝናው ቱቦ ላይ የተጠመጠመው ሞላ ነው። ከሞላው ጋር ፍሬን የሚሆኑ አንድ የነሐስ ቁራጭና አንድ የብረት ቀለበት አሉ። ለከባድ ጥይት ቀለበቱ በሞላውና በነሐሱ መካከል ይገባል፤ ለቀላል ጥይት ወጥቶ ከሞላው ኋላ፣ ከብረት ገላው ጋር ይቀመጣል።

እኔ የመጀመሪያዬን ስገዛ ይህን አላውቅም ነበር። ሰደፉ ያብረቀርቅ ነበር፤ ሻጩም «ሣጥን ውስጥ የኖረ ነው» አለኝ። ቤቴ ወስጄ የካዝናውን ቆብ ፈትቼ የፊት እንጨቱን ሳወልቅ፣ ከውስጥ በኩል ከኋላ ጫፉ የተነሣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ እስከ መሃል ደርሳለች። ቀለበቱ ለቀላል ጥይት እንደተቀመጠ ከባድ ጥይት ሲተኮስበት ኖሯል። አፈሙዙ ያለ በቂ ፍሬን ወደ ኋላ በተንሸራተተ ቁጥር ጠመንጃውን ይደበድበዋል፤ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እንጨቱ ነው። ቱቦው ደግሞ በዘይት ርሷል፤ ብዙ ዘይት ፍሬኑን ያሟልጨዋል። ስስ ቅብ ብቻ ነው የሚፈልገው።

እንግዲህ ሱቅ ስትገቡ አስቀድማችሁ የጥይት መቀበያውም ካዝናውም ባዶ መሆናቸውን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ፤ ሻጩ ቢያረጋግጥም እናንተ ድገሙት። ከዚያ «የፊት እንጨቱን ላውልቀው?» በሉ። ስንጥቅ ፈልጉ፤ ሙጫ ያያችሁበት ቦታ ካለ የተጠገነ ስንጥቅ ነው። ሞላውን አውጥታችሁ ከቱቦው ጋር አስተያዩት፤ ከቱቦው ካጠረ ደክሟልና ይለወጥ፤ ዋጋውም አይከብድም። ከአፈሙዙ ሥር የተበየደውን፣ በቱቦው ላይ የሚንሸራተተውን ቀለበት በብርሃን እዩት፤ ብየዳው ከለቀቀ አትግዙ። አፈሙዙን ወደ ብርሃን አቅንታችሁ በውስጡ ስትመለከቱ እንደ ቀለበት የሚዞር ጥላ ካለ፣ በአንድ ወቅት አብጧል።

«አንዳንዴ ይነክሳል» ያሏችሁን ጠመንጃ ግን ወዲያው አትጣሉት። ቀለበቱ ለከባድ ጥይት ተቀምጦ ቀላል ጥይት ከተተኮሰበት አፈሙዙ በቂ ርቀት አይሄድም፤ ቀልሃውም ይሰካል። ቀለበቱን በማዛወር ብቻ የሚድን ጠመንጃ በርካሽ ተሸጦ አይቻለሁ።

ሦስት ነገር ላክልላችሁ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ 16 ካሊበር አውቶ 5ዎች ብዙዎቹ ለ65 ሚሊሜትር ጥይት የተቆፈሩ ናቸው፤ የዛሬው ጥይት 70 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ ጠመንጃ ሠሪ ሳይለካው አትተኩሱ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ለአንዳንድ አውቶ 5ዎች በጨው የደረቀ የዋልነት እንጨት ተገጥሞላቸው ስለነበር፣ የዚያን ዘመን ጠመንጃ የሰደፍ መደገፊያ ብሎኖች ፍቱና ዝገት መኖሩን እዩ። ለዳክዬ አደን የምትፈልጉት ደግሞ ከ1991 ጀምሮ በመላ አገሪቱ የእርሳስ ጥይት ለውኃ ወፍ እንደተከለከለ አስቡ፤ የቤልጅየም አፈሙዝ በተተኪው የብረት ጥይት ሊጎዳ ይችላል። ለዚህ የጃፓኑ ይሻላል።

ከሕጉም በኩል፣ ፈቃድ ካለው ነጋዴ ስትገዙ የፌዴራሉን 4473 ቅጽ ትሞላላችሁ፤ የኋላ ታሪካችሁም ይጣራል። አረንጓዴ ካርድ ያለው መግዛት ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ግን እንደ አደን ፈቃድ ያለ ልዩ ሁኔታ ካልኖረው ይከለከላል። የየግዛቱ ሕግ ስለሚለያይ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሻጩ የፊት እንጨቱን እንድታወልቁ ካልፈቀደላችሁ፣ አመስግናችሁት ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።