የሸማኔው ጉድጓድና የመሐንዲሱ ኃላፊነት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በየስብሰባው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ይሰማል። ሆኖም ምሳሌውን የሚጠቅሰው ሰው፣ በትከሻው ላይ ያረፈውን ኩታ የሠራው ሸማኔ ድሩን በምን ገንዘብ እንደገዛ፣ ማጉን ከየት እንዳገኘ፣ ሸማውንም በስንት እንደሸጠ የሚጠይቅበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህንኑ ጥያቄ በመሐንዲሶች ፊት ማቅረብ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከሸማኔው እጅ አስቀድሞ በሴቶች እጅ ነው። ጥጡ በድንጋይ ላይ በብረት ዘንግ እየተዳመጠ ከፍሬው ይለያል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ በእንዝርት ተፈትሎ በልቃቂት ይጠቀለላል። ከዚህ በኋላ በቀሰም ላይ ተዳውሮ ወደ መወርወሪያው ይገባል። ሸማኔው በጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ፣ እግሮቹን ወደ ታች ሰዶ፣ መርገጫዎቹን እያፈራረቀ ድሩን ለሁለት ይከፍላል፤ በተከፈተውም መካከል መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሰዳል፤ የገባውንም ማግ መትቶ ያጠብቃል።

ይህን መሣሪያ ኋላ ቀር ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። በመሐንዲስ ዓይን ሲመረመር ግን እያንዳንዱ ክፍል ለአንድ ችግር የተሰጠ መልስ ሆኖ ይገኛል። መርገጫዎቹ በጉድጓዱ ውስጥ በመሆናቸውና የድሩም ውጥረት በመሬት በተተከሉ እንጨቶች በመያዙ፣ ከባድና ውድ የሆነ የእንጨት አቋም አያስፈልግም። የአፈሩ እርጥበት ክሩ ደርቆ እንዳይበጠስ ይረዳል። የሸማው ስፋት የሚወሰነው ሁለት እጆች መወርወሪያውን ወርውረው ሊቀበሉት በሚችሉት ርቀት ስለሆነ፣ ሰፊ ልብስ ሲፈለግ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ይሰፋል። ዘወትር የሚወጠረውና የሚፋተገው ድር ጠንካራና እኩል መሆን ስላለበት በብዙ ቦታ ከፋብሪካ ክር ይዘጋጃል፤ ውጥረት የማይበዛበት ማግ ግን የእጅ ፈትል ሊሆን ይችላል። የእጅ ፈትል ለስላሳና ውፍረቱም የተለያየ በመሆኑ በመካከሉ አየር ይይዛል፤ በአራት ድርብ የሚሠራው ጋቢ ሙቀት የሚሰጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ሁሉ በሥዕል ያልተነደፈ፣ ነገር ግን በብዙ ትውልድ የተፈተነ የምህንድስና ሥራ ነው።

ለዚህ ዕውቀት የተሰጠው ክብር ግን ተመጣጣኝ አልነበረም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሸማኔው ልዩ ልዩ የስድብ ስም እየተሰጠው ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሥራው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የንቀቱን ጥልቀት ያስረዳል። በጋሞ ደጋ፣ ከአርባ ምንጭ በላይ በጨንቻ አካባቢ በሚኖሩት ዶርዜዎች ዘንድ ግን ሽመና የገበሬው ቤተ ሰብ የክብር ሥራ ነው፤ ወንዱ ይሸምናል፣ ሴቷ ትፈትላለች። እንግዲህ አንዱ ሥራ በአንድ ቦታ የተናቀ፣ በሌላው የተከበረ ከሆነ፣ ንቀቱ የመጣው ከሥራው ሳይሆን ከተመልካቹ መሆኑ ግልጽ ነው። ከዚሁ ደጋ የፈለሱት ሸማኔዎች በአዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳና በጉለሌ ሰፍረው፣ እስከ ዛሬ ድረስ የከተማይቱን የበዓል ልብስ ያዘጋጃሉ።

መሐንዲስ ወደ ሸማኔው ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ የሚያመጣው መፍትሔ የፍጥነት መጨመር ነው። በዚህ ረገድ የእንግሊዝ አገር ታሪክ ሊመረመር ይገባዋል። ጆን ኬይ እ.ኤ.አ. በ1733 በገመድ እየተሳበ የሚበረውን መወርወሪያ ባወጣ ጊዜ የሽመናው ፍጥነት እጅግ ጨመረ፤ ነገር ግን አንድን ሸማኔ ክር ለመመገብ ቀድሞውንም ብዙ ፈታዮች ያስፈልጉ ስለነበር የክር እጥረቱ ባሰ። ጄምስ ሃርግሪቭስ በ1760ዎቹ ብዙ እንዝርት በአንድነት የሚያሾር መሣሪያ መሥራቱ ለዚህ እጥረት ከተሰጡት መልሶች አንዱ ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የአንድ ሥራ ጉሮሮ የጠበበው በሌላ በኩል ሆኖ ሳለ አንዱን ክፍል ብቻ ማፍጠን ችግሩን ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር ነው።

የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ጉሮሮ የት ላይ ነው የጠበበው? ልብሱ የሚፈለገው በእንቁጣጣሽና በመስቀል፣ በገናና በጥምቀት፣ በፋሲካና በሠርግ ወራት ነው። ክሩ ግን ከዚያ አስቀድሞ በጥሬ ገንዘብ መገዛት አለበት። ገንዘብ የሌለው ሸማኔ ክሩን ከነጋዴ በዱቤ ይወስዳል፤ የዱቤው ባለቤትም የሸማውን ዋጋ ወሳኝ ይሆናል። እንደዚህ ላለው ሰው ሁለት እጥፍ የሚፈጥን መሣሪያ ቢሰጠው፣ ሁለት እጥፍ ዕዳ መግባት እንዳይሆንበት ያሰጋል። በዚህ ላይ በቅርብ ዓመታት የጥበቡን መልክ በማተሚያ መኪና ገልብጦ ከውጭ አገር የሚገባው ርካሽ ጨርቅ ገበያውን እየተሻማ ይገኛል።

ሌላም በዝምታ ሊታለፍ የማይገባው ጉዳይ አለ። በአባቱ ቤት ቀሰም እያዳወረ፣ ትምህርት ቤትም እየዋለ ሙያውን የሚወርስ ልጅ አለ። ከጋሞ ደጋ «ከተማ ገብተህ ትማራለህ» ተብሎ ተወስዶ፣ ከንጋት እስከ ሌሊት ከጉድጓዱ የማይወጣ ሕፃንም አለ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የሸማው ዋጋ በወረደ ቁጥር ደመወዝ የማይከፈለው የሕፃን ጉልበት ይፈለጋልና፣ «ርካሽ ይሁን እንጂ» የሚል ገዢም ከዚህ ተጠያቂነት ነፃ አይሆንም።

ሌሎች አገሮች የእጅ ሽመናን በሕግ ጠብቀዋል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣችው ሕግ የተወሰኑ የጨርቅ ዓይነቶች በእጅ መሸመኛ ብቻ እንዲሠሩ ደንግጋለች። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ሕግ ደግሞ ሃሪስ ትዊድ የሚለው ስም በውጫዊ ሄብሪድስ ደሴቶች ነዋሪዎች በየቤታቸው በእጅ ለተሸመነ ጨርቅ ብቻ እንዲሰጥ ያዛል። በሁለቱም ዘንድ የተጠበቀው የሸማኔው ድርሻና ስም እንጂ የሥራው ዝግታ አይደለም።

እንግዲህ ከመሐንዲሱ የሚጠበቀው ምንድን ነው? የጉድጓዱ ብርድና ቅዝቃዜ የሸማኔውን እግርና ወገብ ይጎዳል፤ መሣሪያውን ሳያፈርሱ መቀመጫውንና መደገፊያውን ማሻሻል ይቻላል። ለሥራ ቤቱ የቀን ብርሃን ማስገባት ይቻላል። በጋራ ክር ገዝተው በጋራ የሚያከማቹበትን መጋዘን ማቀድ፣ የእጅ ሥራን ከታተመው ጨርቅ የሚለይ ምልክት ማዘጋጀትም እንዲሁ። እነዚህ ሥራዎች ዝና አያስገኙም፤ ወጪያቸው ግን ትንሽ፣ ጥቅማቸውም ቶሎ የሚታይ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን መሐንዲሱ የሥዕል ወረቀቱን ከመዘርጋቱ በፊት በጉድጓዱ አፍ አንድ ሙሉ ቀን ቢቀመጥ መልካም ነው። ሲመሽም ሸማኔውን ይጠይቀው፤ የትኛው እንዲፈጥንለት፣ የትኛውስ እንዳለ እንዲቆይለት እንደሚሻ አጥርቶ ያውቃልና።