ላኪውን ማወቅ አይበቃም

ጣርማ በር ላይ ሆናችሁ በስልክ ኢሜይል የምትከፍቱ አድማጮች፣ «ከማታውቁት ሰው የመጣ አትክፈቱ» የሚለውን ምክር ሳትሰሙት አትቀሩም። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ግን ጎደሎ ነው። በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ከፊሊፒንስ ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰው «አይ ላቭ ዩ» ቫይረስ የተዛመተው በወዳጅ ስም ነበር፤ አባሪ ፋይሉ በተከፈተበት ኮምፒውተር አድራሻቸው ለተመዘገበ ሰዎች ሁሉ ራሱን ይልክ ነበር። ተራ ጽሑፍ መስሎ የታየውም ዊንዶውስ የፋይሉን ስም መጨረሻ ስለሚደብቅ ነው። እንዲህ ያለ የኢሜይል ማታለል በእኛ ሰዎች ላይም ደርሷል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም በኅዳር 2010 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፣ በውጭ ለሚኖሩ የመንግሥት ተቺዎች የተላኩ ኢሜይሎች ቪዲዮ ወዳለበት ሐሰተኛ ገጽ ይወስዱ ነበር። ገጹ «ለማየት ፍላሽ ፕሌየርን አድሱ» ይል ነበር፤ ማደሻው ግን የስለላ ሶፍትዌር ያዘለ ነበር።

«እኔ ምን ምስጢር አለኝና?» የሚል ይኖራል። ሌባ ግን የሚሻው ምስጢር ብቻ አይደለም። ኢሜይላችሁን የያዘ ሰው የፌስቡካችሁን የይለፍ ቃል ቀይሮ በስማችሁ ከዘመድ ገንዘብ ሊለምን ይችላል። «ጸረ ቫይረስ ጭኛለሁ» ለሚልም፣ መጫኑ ደግ ነው፤ አዲስ የተሠራውን ሁሉ ግን አይለይም። እናም ያልጠበቃችሁት አባሪ ከወንድማችሁም ቢመጣ፣ ሳትከፍቱ በስልክ ደውሉና «አንተ ነህ የላክኸው?» በሉት። እዚያው ኢሜይሉ ላይ መልሳችሁ ብትጠይቁ፣ «አዎ» የሚላችሁ ሌባው ራሱ ሊሆን ይችላል። የስልክ መተግበሪያ ማደስ ካስፈለገም ከፕሌይ ስቶር ነው እንጂ በኢሜይል ከመጣ ሊንክ አይደለም።