አዳም በተፈጠረ ዕለት



የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አዳም የ30 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ተፈጠረ ብለው ያስተምራሉ። ተማሪ ግን ይህን ሰምቶ ዝም አይልም፤ «ያን ጊዜ የገነት ዛፍ ቢቈረጥ በግንዱ ውስጥ የዓመታት ቀለበት ይገኝበት ነበርን? ከእናት ያልተወለደ አዳምስ እንብርት ነበረውን?» ይላል። ጥያቄው ድፍረት ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ የትምህርታችን መሠረት የሚነካ ነውና።

ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የተባለ እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1857 እ.ኤ.አ. በዚሁ ነገር ላይ «ኦምፋሎስ»፥ ማለት «እንብርት»፥ የሚባል መጽሐፍ አሳተመ። ፍጥረት እንደ ክብ የሚዞር ስለ ሆነ፥ ፈጣሪ ከየትም ቢጀምረው ያልነበረ ዘመን ምልክት ይዞ መገኘቱ ግድ ነው አለ፤ በድንጋይ ውስጥ የሚገኘውን የእንስሳት አጥንት እንኳ በዚሁ ቈጠረው። ከሃይማኖተኞቹም ከሳይንስ ሰዎችም የተቀበለው ጥቂት ነው።

ስሕተቱ ሁለት ነገሮችን አንድ ማድረጉ ይመስለኛል። ለዚህ ምስክሩ ቅርብ ነው። ከአያሃ ወጥተን የበርበራን መንገድ ብንይዝ፥ ከሐርጌሳ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ላስ ጌል ይገኛል፤ የአገሩ ሰው ቀድሞም ያውቀው ነበር፤ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ1995 ዓ.ም. ለዓለም አስታወቁት። በድንጋዩ ላይ የተሣሉት ላሞች ቀንዳቸው ያደገ፥ ግታቸው የሞላ ነው። ላሚቱ አንድ ቀን ስንኳ ጥጃ አልነበረችም፤ ሠዓሊው ግን አላታለለንም፤ ሙሉ ላም መሣል ሥራው ነበርና። ቀለሙ የደበዘዘበት፥ ድንጋዩ የተላጠበት ስፍራ ግን የእርሱ እጅ ሳይሆን የዘመናት ሥራ ነው።

በ1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ይህንኑ በአንድ ጥርስ ታሳየናለች። የመጨረሻው መንጋጋዋ መብቀሉ አካሏ እንደ ጐለመሰ ያስረዳል፤ በጥቂቱ መበላቱ ደግሞ እንዳኘከችበት ያስረዳል። ሙሉ ሆኖ ለሚፈጠር ሰው ሙሉ ጥርስ ያሻዋል፤ የተበላ ጥርስ ግን ምን ያደርግለታል? ዛፍም ግንድ ያስፈልገዋል፤ ያልዘነበ ዝናብና ያልደረሰ ድርቅ መዝገብ ግን አያስፈልገውም።

በአካባቢዋ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ተመርምሮ የድንቅነሽ ዕድሜ 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ዓመት ያህል መሆኑ ታውቋል። አመዱ እንዳረጀ ሆኖ ተፈጠረ የምንል ከሆነ፥ «ሁላችን ከነትዝታችን ትናንት ተፈጠርን» ለሚል ተማሪ መልስ አናገኝለትም፤ ታሪክም ሆነ የምድር ጥናት ማስተማሪያ አይተርፈንም። የእንብርቱን ነገር ግን፥ እርሱም የእትብት ጠባሳ መሆኑን ካስታወሳችኋቸው በኋላ፥ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይከራከሩበት።