የወለቀ ጥርስ ይተከላል

የዛሬው ንግግራችን ስለ ልጆች ጥርስ ነው።

ገና ሲቃረብ ልጆች ሜዳ ወጥተው ገና ይጫወታሉ። ዱላው ይወናጨፋል፤ ሩሯ ትበራለች። አንዱ ልጅ አፉን ይመታና የፊት ጥርሱ ከነሥሩ ይወልቃል። ያን ጊዜ ደሙን እናብሳለን። ጥርሱን ግን ማን ይፈልገዋል? የወለቀ ወለቀ እንላለን። እንዲህ አይደለም እኮ! ቶሎ ወደ ቦታው ከተመለሰ ሊይዝ ይችላል።

ልጁ ራሱን ከሳተ፣ ካስታወከ ወይም ደሙ አልቆም ካለ ግን ጥርሱን ትታችሁ ልጁን ወደ ሐኪም አድርሱ።

ዕድሜውንም አስቡ። የፊት ጥርሶች ባብዛኛው ከ6 እስከ 9 ዓመት ባለው ጊዜ ይለወጣሉ። ከዚያ በፊት የወለቀ የወተት ጥርስ ነው። መልሳችሁ አትትከሉት፤ ከሥሩ ያለውን አዲሱን ጥርስ ይጎዳል። እሱን እንደ ልማዳችን ጣራ ላይ ወርውሩት። አዲሱ ጥርስ ግን ሌላ ተተኪ የለውም፤ እንዳይወረወር! የትኛው እንደሆነ ካልለያችሁ ወተት ውስጥ ክተቱትና ሐኪም ይለየው።

ታዲያ እንዴት ይተከላል? ጥርሱን በነጩ በኩል ያዙት። ሥሩን አትንኩ፤ ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዘው ስስ ሥጋ እዚያ ላይ ነው። አፈር ከነካው በወተት ወይም በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ለቅለቅ አድርጉት። አትፈትጉት፤ አመድም አረቄም አታስነኩት። ፊቱን አስተካክላችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ጉድጓዱ መልሱት። ልጁ ንጹሕ ጨርቅ ነክሶ ይያዘው።

ልጁ እንቢ ካለ ጥርሱን ወተት ባለበት ኩባያ ውስጥ ክተቱት። እርጎና አሬራ አይሆንም። ወቅቱ ጾም ነው ትሉ ይሆናል፤ ላሚቱ ግን መታለቧ አይቀርም፤ ወተቱም የሚጠጣ አይደለም። ወተት ከጠፋ ልጁ ምራቁን ኩባያ ውስጥ ይትፋና ጥርሱ እዚያ ይቀመጥ። በመሐረብ ጠቅልሎ ኪስ መክተት ነው ጥርሱን የሚገድለው። በደረቁ 1 ሰዓት ከቆየ ያ ስስ ሥጋ ይሞታል።

ከአንኮበር ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪና እስኪገኝ ሰዓቱ ያልፋል። ስለዚህ መትከሉ እዚያው ሜዳው ላይ ይሁን፤ ማሰሩ የሐኪም ሥራ ነው። ሐኪሙ ጥርሱን ከጎረቤቶቹ ጋር በቀጭን ሽቦ ሁለት ሳምንት ያህል ያስረዋል። ልጁ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መውሰዱንም ይጠይቃችኋል፤ ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ። እስኪጠነክር ድረስ አጥሚትና ፍትፍት ይብላ፤ ቆሎው ይቆየው።