የሳንባ ካንሰር ማዕረግ በማይክሮስኮፕ እንዴት እንደሚለይ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ በአንድ የሕክምና ተማሪ የተሰጠ ንግግር)



ይህን ርእስ እንድመርጥ ያደረገኝ የራሴ ስሕተት ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤታችን ከሳንባቸው ላይ እጢ በቀዶ ሕክምና ወጥቶላቸው ነበርና በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የምርመራ ወረቀት «አንተ ተማሪው አንብብልኝ» ብለው ሰጡኝ። እኔም ኮራ ብዬ አነበብኩና «ሦስተኛ ደረጃ ይላል፤ ጋሼ» አልኳቸው። «ከስንት?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ልጃቸው «ከአራት ነው» አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። ወረቀቱ ግን የሚለው ሌላ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ በሽታ ረገድ «ደረጃ» የምንለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ደርቦ ይዟል። አንደኛው ካንሰሩ የት ድረስ እንደ ሄደ ነው፤ ይኸውም የእጢው መጠን፣ ወደ ንፍፊት መድረሱና ወደ ሌላ አካል መዛመቱ ታይቶ ከ1 እስከ 4 ይቆጠራል። ሁለተኛው ሕዋሳቱ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ያላቸው ጠባይ ነው፤ ይህ ደግሞ በጋሼ ዓይነት ካንሰር ከ1 እስከ 3 ነው። የጋሼ እጢ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር፤ ወደ ንፍፊትም አልደረሰም፤ ስለዚህ በፊተኛው አቆጣጠር 1ኛ ነው። ሦስት የተባለው በኋለኛው ነው። እኔ ዛሬ የኋለኛውን «ማዕረግ» እለዋለሁ። («የሳንባ ነቀርሳ» ከማለትም የተቆጠብኩት ይህ ስም በአገራችን ለቲቢ ስለ ተያዘ ነው።)

ከታማሚው የወጣው ሥጋ በፎርማሊን ይነከራል፤ ውሃው ወጥቶ በምትኩ ፓራፊን ሰም ይገባበታል፤ ከዚያም ማይክሮቶም በሚባል መሣሪያ በስሱ ይቆረጣል። የአንዱ ቁራጭ ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር ለሺሕ ተከፍሎ አራቱን እጅ ያህላል። በመስተዋት ላይ ተለጥፎ በሄማቶክሲሊን ሲቀለም የሕዋሱ አስኳል ሰማያዊ፣ በኢዮሲን ሲቀለም የቀረው ሮዝ ይሆናል።

አሁን ፓቶሎጂስቱ ያያል። ከሳንባ ካንሰር ዓይነቶች በብዛት የሚገኘው አዴኖካርሲኖማ ነው፤ የጋሼም እርሱ ነበር። በዚህ ዓይነት የሚጠየቀው ሕዋሳቱ ተሰብስበው ምን ቅርጽ ሠሩ የሚለው ነው። ሌፒዲክ የሚባሉት የሳንባውን የአየር ክፍሎች ሳያፈርሱ እንደ ቀለም በግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ። አሲናሮቹ እንደ ቀለበት ክብ ይሠራሉ፤ ፓፒላሪዎቹም በመካከሉ የደም ሥር ያለበት ጣት መሳይ ነገር ያበቅላሉ። የከፉት ሌሎች ናቸው፦ ማይክሮፓፒላሪ፣ የደም ሥር የሌላቸው ትንንሽ ጉንጉኖች ሆነው በአየር ክፍሉ ውስጥ የሚንሳፈፉት፤ ሶሊድ፣ ቅርጽ የሚባል ጠፍቶባቸው ተጠቅጥቀው የሚታዩት፤ እንዲሁም ቀለበቶቹ ተጋጥመው ወንፊት የሚመስሉት።

በአንድ እጢ ውስጥ ግን ሁለት ሦስቱ ተቀላቅለው ይገኛሉ። ስለዚህ ፓቶሎጂስቱ መስተዋቶቹን ሁሉ አይቶ እያንዳንዱ ከመቶ ስንት እንደ ያዘ በ5 በ5 ይገምታል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 በወጣው አመዳደብ ዋናው ነገር ብዙውን ቦታ የያዘው ቅርጽ ነበር። በ2020 የዓለም አቀፉ የሳንባ ካንሰር ጥናት ማኅበር ሊቃውንት አዲስ ሥርዓት አቀረቡ፤ በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት መጽሐፍ ተቀበለው። በዚህ መሠረት የከፉት ቅርጾች ተደምረው ከመቶ 20 ከሞሉ ማዕረጉ 3 ነው። ካልሞሉ፣ ሌፒዲክ ከበዛ 1፣ አሲናር ወይም ፓፒላሪ ከበዛ 2 ይሆናል። የጋሼ ወረቀት አሲናር 60፣ ሶሊድ 25፣ ሌፒዲክ 15 ይል ነበር። በማኅበራችን ምርጫ ቢሆን አሲናር ባሸነፈ፤ በዚህ ሥርዓት ግን የፈረደው ሶሊድ ነው።

በ15ና በ20 መካከል ያለውን የሚለየው የሰው ዐይን ነው። ልምድ ያላቸው ሁለት ፓቶሎጂስቶች አንዱን መስተዋት አይተው ሊለያዩ ይችላሉ፤ ይህን ደግሞ ራሳቸው አይሸሽጉትም። በመርፌ የተወሰደች ቅንጣት ሥጋም ለዚህ ማዕረግ አትበቃም፤ ሶሊዱ መርፌው ባልደረሰበት በኩል ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ዘግይተው መጥተው ቀዶ ሕክምና ለማይደረግላቸው ብዙ ሕሙማን ይህ ማዕረግ አይሰጥም። ትንንሽ ሕዋስ ያለው የሚባለው ዓይነት ከመነሻው ክፉ ስለ ሆነ ማዕረግ አይወጣለትም። ካርሲኖይድ የሚባለው ደግሞ በ2 ካሬ ሚሊ ሜትር ውስጥ በመከፈል ላይ ያሉት ሕዋሳት እየተቆጠሩ ይለያል፤ እርሱ ራሱን የቻለ ንግግር ይፈልጋል።

መምህሬን ጠይቄ ስሕተቴን ባወቅሁ ጊዜ ወደ ጋሼ ቤት ተመልሼ ሄድኩ። ሁሉን ካስረዳኋቸው በኋላ «ታዲያ ሦስቱ ምንም አይደለም በለኛ!» አሉኝ። እንዲያ ማለት አልቻልኩም፤ ማዕረጉ 3 የሆነ ከወጣ በኋላም የመመለስ ዕድሉ ከ1 ይበልጣልና። «ጠባዩ ክፉ ነው፤ ግን ሩቅ ሳይሄድ ተይዟል፤ ቀጠሮዎን እንዳያሳልፉ» አልኳቸው። ልጃቸው ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ በወረቀት ጻፈ። ከሁለተኛው አጠገብ የሚጽፈው የአማርኛ ስም ቢያጣ እኔን ጠየቀኝ፤ «ማዕረግ»ን ያን ጊዜ ነው ያመጣሁት። የቋንቋ መምህራኖቻችን የተሻለ ካላቸው ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።