ኑዛዜያችን ስንት ዓመቱ ነው?

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



እኛ ሒሳብ የምንይዝ ሰዎች በየዓመቱ መዝገብ እንዘጋለን፤ ያለውን ቆጥረን፣ የወጣውን ለይተን እንጽፋለን። ኑዛዜን ግን አንድ ጊዜ ጽፈን ሣጥን ውስጥ እንቆልፍበታለን። ከዚያ በኋላ የሚያነሣ ቢኖር «ሞት አትጥሪ» ይባላል።

በቅድሚያ እኛን ሴቶችን በቀጥታ የሚነካውን እናንሣ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ሳይናዘዝ የሞተ ሰው የመጀመሪያ ወራሾች ልጆቹ ናቸው። ባልና ሚስት ያለ ኑዛዜ አይወራረሱም። ሚስት ባሏ ሲሞት ከጋራ ንብረታቸው የምትወስደው ግማሽ ቀድሞም የራሷ ድርሻ ነው። ከእሱ ድርሻ እንዲደርሳት ከተፈለገ መናዘዝ አለበት። ታዲያ ብዙ ባለትዳሮች «አብረን እንጻፈው» ብለው በአንድ ወረቀት ላይ ይናዘዛሉ። ሕጉ ይህን አይቀበልም፤ ሁለት ሰው በአንድ ሰነድ ከተናዘዘ ፈራሽ ነው። ለየብቻ ይጻፍ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። አንዲት እናት ገርጂ ያለውን ቤቷን በ2008 ዓ.ም. ለታናሽ ልጇ ተናዘዘች እንበል። ቆይታ ቤቱን ሸጠች፤ በገንዘቡም ሰሚት ኮንዶሚኒየም ገዛች። በእሷ ልብ ኮንዶሚኒየሙ የዚያው ያስታመማት ልጅ ነው። በሕጉ ግን ተናዛዡ የተናዘዘውን ንብረት ከሸጠ ስጦታው ተሽሯል። ሌላ ኑዛዜ ከሌለ አዲሱ ቤት ለልጆቿ ሁሉ እኩል ይካፈላል። ታናሹ «እናቴ ለእኔ ብላ ነበር» ይላል፤ ታላላቆቹ ሕጉን ይዘው ይቆማሉ። ከዚያ በኋላ እህትና ወንድም ለቅሶ ላይ እንኳ አይነጋገሩም። በእኛ በኩል፣ ከቦሌ እስከ አያት፣ ሰፈሩ ሲፈርስና ሲሠራ ነው የሚውለው። በልማት ተነሥቶ ምትክ ወይም ካሳ የተቀበለ ሁሉ ኑዛዜው ላይ ያለው የቤት ቁጥር የቱ እንደሆነ ይይ።

ፍቺም አለ፤ ለትዳር ጓደኛ የተናዘዙት በፍቺ ይሻራል። ከኑዛዜው በኋላ ልጅ ከተወለደና ውርሱን ከተቀበለ ደግሞ በኑዛዜው የተሰጠው ሊፈርስ ይችላል፤ ተናዛዡ ልደቱን ቢያውቅም አይቀይረውም ነበር ብሎ ካመነ ፍርድ ቤቱ ሊያጸናው ይችላል።

በገዛ እጅ የተጻፈ ኑዛዜ የራሱ ዕድሜ አለው። በ7 ዓመት ውስጥ ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። በቃል የተደረገው ደግሞ ተናዛዡ በሕይወት ካለ በ3 ወር ያበቃል። በቃል የሚሰጠውም ለእያንዳንዱ ሰው ከ500 ብር ማለፍ አይችልም፤ 500 ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ ገበያ የምትወጡ ታውቁታላችሁ።

«ለልጄ ቃል ሰጥቻለሁ፣ እንዴት እቀይራለሁ?» የሚሉ እናቶች አሉ። አልቀይርም ብሎ የፈረመ ሰው እንኳ በሕግ መብቱ አልተነካም። አዲሱ ኑዛዜ ላይ «የቀድሞውን ሽሬያለሁ» ብለን በግልጽ እንጻፍ፤ አሮጌውንም እንቅደደው፤ ሁለት ወረቀት የጠበቃ ሲሳይ ነው። በእኛ አስተያየት ንብረቱን በቤት ቁጥር ብቻ ከማሰር በድርሻ፣ «ሩቡን ለእከሌ» ብሎ መናዘዝ ቶሎ አያረጅም።

በ4 ምስክሮች ፊት የሚደረገው ኑዛዜ ተናዛዡና ምስክሮቹ ባሉበት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑም እዚያው ላይ ይጻፋል፤ ወዲያውም ሁሉም ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውልና ማስረጃ ሹም ከሆነ 2 ይበቃሉ። ኑዛዜውን በገዛ እጃችን የምንጽፍ ከሆነ ኑዛዜ መሆኑን እንግለጽ፤ ገጹ ሁሉ ቀንና ፊርማ ይኑረው። ኮምፒውተር ቤት አስጽፎ መፈረም ብቻ አይበቃም።

ያላችሁን ንብረት በዝርዝር ለመጻፍ እገዛ የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ ከሒሳብ ክፍል ጠረጴዛ አንርቅም። የቤት ካርታ ወይም የኮንዶሚኒየም ውል ቅጂ ይዛችሁ ኑ።