ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት፦ የሜካኒካል ታኮሜትርን ወደ ኤሌክትሮኒክስ ስለ መለወጥ



የዛሬው ርእሴ ሾፌሮቻችን በተለምዶ አርፒኤም የሚሉት፣ የሞተርን ዙር የሚለካው ታኮሜትር ነው። ለምሳሌ የመረጥሁት ከጣርማበር በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደውን መንገድ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ብርድ አንሥቶ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ፣ ወደ ይፋት ቆላ ሙቀት ያወርዳል። ለመለኪያ መሣሪያ ከዚህ የበለጠ ፈታኝ የለም።

በከባድ ማርሽ ቁልቁለት የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑ እንዳይግል ሞተሩን እንደ ልጓም ይጠቀምበታል። በዚህን ጊዜ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው እንጂ ነዳጁ አይደለም። ስለዚህ የናፍጣው ተቆጣጣሪ ነዳጁን ፈጽሞ ቢዘጋ እንኳ ዙሩ ከልክ ማለፉን አይገታም። ለሾፌሩ የቀሩት ጆሮውና መርፌው ናቸው።

የአሮጌው መሣሪያ አሠራር ያማረ ነው። ከሞተሩ የሚመጣ ተጣጣፊ ገመድ ማግኔት ያዞራል፤ ማግኔቱ በከበበው የአሉሚኒየም ኩባያ ውስጥ አዙሪት ጅረት ይፈጥራል፤ ኩባያው በጅረቱ ጉልበት ተጎትቶ፣ ቀጭን ጥምዝ ሞላ እስኪይዘው ድረስ መርፌውን ያዞራል። ነገር ግን የአሉሚኒየም ተቃውሞ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 0.4 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ጠንቃቃ አምራቾች ይህን የሚያካክስ የኒኬልና የብረት ቅይጥ ከማግኔቱ ጋር ያኖሩ ነበር። ማካካሻ በሌለው መሣሪያ ላይ ሙቀቱ በ25 ዲግሪ ቢጨምር 3,000 ዙር ወደ 2,700 ገደማ ሆኖ ይነበባል። ማግኔቱም በዕድሜ ብዛት ከደከመ ስሕተቱ በዚያው አቅጣጫ ይበረታል። መርፌው የሚያሳንሰው እንግዲህ ቁልቁለቱ ሲያልቅ፣ ሙቀቱ ሲጸና ነው።

የተበላሸው ገመዱ ብቻ ከሆነ ገመዱን ለውጡ፤ ሌላ ነገር አትንኩ። መለወጥ ግድ ሲሆን ግን የፊት ገጹንና መርፌውን አስቀርተን የውስጡን አካል ብቻ በኤሌክትሮኒክስ እንተካለን። በቤንዚን መኪና ምልክቱ ከቦቢናው ይገኛል፤ ባለ አራት ሲሊንደር ባለ አራት ምት ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ምልክት ይሰጣል፣ ባለ ስድስቱ ሦስት። የቦቢናው ቮልቴጅ በየምቱ ወደ መቶዎች ስለሚዘል መግቢያው መከላከያ ያስፈልገዋል። የናፍጣ ሞተር ቦቢና የለውም። ብዙዎች ከዲናሞው ይወስዳሉ፤ እኔ አልመርጠውም፣ ቺንጋው ሲንሸራተት ንባቡም አብሮ ይንሸራተታልና። በቮላኖው ጥርስ ፊት የሚተከል መግነጢሳዊ ሴንሰር ይሻላል፤ ጥርሱን ቆጥሮ በቁጥሩ ማካፈል ብቻ ነው።

ልኬቱን ለማረም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ነው። በትራንስፎርመር ወደ 12 ቮልት ዝቅ አድርገን በአራት ዳዮድ ብናልፈው በሰከንድ 100 ምት እናገኛለን። ይህም ለባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር 3,000 ዙር፣ ለባለ ስድስት 2,000 ዙር ነው። ተማሪዎች በቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ከሰዓት ይሠሩታል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያሉትን አሮጌ መኪኖች የመጠበቁ ጉዳይ የቅንጦት ብቻ አይደለም። በአንዳንድ ጥንታውያን የእንግሊዝ መኪኖች ከሻንሲው ጋር የተገናኘው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ስለሆነ፣ ሰርኪዩቱን ከማገናኘታችሁ በፊት ይህን መርምሩ። ቀዳዳ አትብሱ፣ ነባሩን ሽቦ አትቁረጡ። የወጣው ማግኔት፣ ኩባያውና ሞላው በሣጥን ተደርገው፣ የሽቦው ንድፍ ተጨምሮበት፣ ለመኪናው ባለቤት ይሰጡ።